የተራው መርከበኛ ልብስ እንዴት ተለዋወጠ?

ልብስ ሰውን ከብርድና ከፀሐይ ይጠብቃል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ልብስ ሌላም ሥራ አለው። ልብስ ይናገራል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የነጠላውን ጥለት ወደ ላይ አድርጎ ሲለብስ፣ አፉን ሳይከፍት «ሰው ሞቶብኛል» ማለቱ ነው። ሙሽራውም፣ ቄሱም፣ ወታደሩም ከሩቅ በልብሳቸው ይታወቃሉ። በዚህ ትምህርት የምናነበው በጦር መርከብ ላይ ስለሚያገለግለው ተራ መርከበኛ ልብስ ነው።

እኛ ይህን የጻፍነው ደገኞች ነን። ከመካከላችን ባሕርን በዓይኑ ያየ ሰው አንድ ቢገኝ ነው። ታዲያ የባሕርን ነገር ምን አስጀመራችሁ ትሉን ይሆናል። የመርከበኛው ልብስ ታሪክ የመርከበኛውን ኑሮ ስለሚያሳይ ነው። ልብሱን ማን መረጠለት? ዋጋውን ማን ከፈለ? ደስ ይለው እንደሆነስ የጠየቀው ሰው አለ ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች የባሕር ሰው ብቻ ጥያቄዎች አይደሉም።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ በጦር መርከብ ላይ አዛዥ መኮንኖች አሉ፤ ከእነሱ ሥር ደግሞ ገመድ የሚስበው፣ ወለል የሚያጥበው፣ መድፍ የሚያጎርሰው ተራ መርከበኛ አለ። የምንናገረው ስለ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ እዚህ የምታነቧቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደንብ ያልነበረበት ዘመን

የብዙ አገሮች መርከበኞች ልብስ ከእንግሊዝ አገር የተቀዳ ስለሆነ ከእንግሊዝ እንጀምር። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንኖች አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ያገኙት በ1748 ዓ.ም. ነው። ልብሱን የጠየቁት ራሳቸው መኮንኖቹ ነበሩ። እንደ ምድር ጦር መኮንኖች ታውቀን እንከበር አሉ፤ ተፈቀደላቸው። ተራው መርከበኛ ግን የደንብ ልብስ የተወሰነለት በ1857 ዓ.ም. ነው። እስቲ አስሉት። ከ1857 ላይ 1748 ሲቀነስ 109 ይቀራል። አለቃው ከለበሰ በኋላ ሎሌው 109 ዓመት ቆየ ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ምክንያቱ የሥራው ሁኔታ ነው። በዚያ ዘመን ተራ መርከበኛ የሚቀጠረው ለአንዲት መርከብ ነበር። መርከቧ ግዳጇን ጨርሳ ስትመለስ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሰናበታል፤ አጨዳ ሲያልቅ እንደሚበተን የቀን ሠራተኛ ማለት ነው። ነገ ለሚሰናበት ሰው ማን ልብስ ያሰፋለታል?

ከዚህም የባሰ ነገር ነበር። ጦርነት ሲመጣና ሰው ሲጠፋ፣ የመንግሥት አፋሾች ዱላ ይዘው በወደብ ከተሞች ይዞሩና መርከበኛ ያገኙትን ሁሉ በግድ ይወስዱ ነበር። መርከበኛ መሆኑን በምን ያውቃሉ? በፊቱ ጥቁረት፣ በአረማመዱና በልብሱ ነዋ! የባሕር ሰው አጭር ጃኬትና ሰፋ ያለ ሱሪ ይለብስ ነበር፤ ልብሱ ላይ የቅጥራን ጠብታ አይጠፋም። ስለዚህ ደንብ ሳይወጣለትም ልብሱ አሳልፎ ይሰጠው ነበር።

በግድ የተወሰደው ሰው በጀርባው ላይ ካለው በቀር ሌላ ልብስ የለውም። እሱም በጨው ውኃና በነፋስ ቶሎ ያልቃል። ያን ጊዜ ወደ መርከቡ ግምጃ ቤት ሹም ይሄዳል። ሹሙ ሸሚዝም፣ ሱሪም፣ ጫማም ይሸጣል። ብር የለኝም ቢለው ግድ የለም፤ በዱቤ ይሰጠዋል፤ ዋጋው ከደመወዙ ላይ ይቆረጣል። ደመወዙ ደግሞ የሚከፈለው በየወሩ አልነበረም፤ መርከቧ ስትመለስ ነው፤ ይህም ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። የዚህን ዓይነት ዱቤ ጠባይ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። መጽሐፉን የሚጽፈው ሹሙ ነው፤ ባለ ዕዳው ብዙ ጊዜ ማንበብ አይችልም።

ደመወዙስ ስንት ነበር? በ1650ዎቹ ዓመታት የጥሩ መርከበኛ የወር ደመወዝ 24 ሺሊንግ ሆኖ ተወሰነ። ሺሊንግ የእንግሊዞች ገንዘብ ነው። ከዚያ ወዲያ የእህሉም የልብሱም ዋጋ ሲወጣ፣ ደመወዙ እስከ 1797 ዓ.ም. ድረስ እዚያው 24 ሺሊንግ ላይ ቆመ። በዚያ ዓመት ስፒትሄድ በተባለው የባሕር መቆሚያ የነበሩ መርከበኞች «ካልተጨመረልን ሸራ አንዘረጋም» ብለው አደሙ። ተጨመረላቸው።

በዚያን ጊዜ አንድ ሌላ ልማድም ነበር። የመርከቡ አዛዥ ሀብታም ከሆነ፣ እሱን ወደ የብስ በጀልባ የሚቀዝፉትን መርከበኞች እንደ ወደደ ያለብሳቸዋል። ሃርለኩዊን የምትባል አንዲት የጦር መርከብ ነበረች። ሃርለኩዊን ማለት በአውሮፓ ቴአትር ቤት የሚታወቅ፣ በቀለም በቀለሙ የተጣጣፈ ልብስ የሚለብስ ቀልደኛ ነው። በ1853 ዓ.ም. የዚህች መርከብ አዛዥ ቀዛፊዎቹን የዚያን ቀልደኛ ልብስ አልብሶ ወደ ወደብ ላካቸው ይባላል። የእንግሊዝ መጻሕፍት ይህን የሚያነሡት ለሣቅ ነው። እኛ ስናነበው ግን ሣቁ አልመጣልንም። መቅዘፊያ ይዘው በሰው ፊት ያለፉት ሰዎች ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

የ1857ቱ ደንብ

በ1853 ዓ.ም. የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሥርዓቱን ለወጠ። መርከበኛው ለአንዲት መርከብ መቀጠሩ ቀርቶ ለ10 ዓመት እንዲፈርም ተደረገ። ቋሚ ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው። ቋሚ ከሆነ ደግሞ ቋሚ ልብስ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1857 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ደንቡ ወጣ።

ልብሱ ይህን ይመስል ነበር። ለብርድ ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጃኬትና ሱሪ፤ ለሙቀት ጊዜ ነጭ። በራስ የሚጠለቅ፣ ከፊት ቁልፍ የሌለው እጀ ሰፊ ሸሚዝ። ከኋላ በትከሻው ላይ የሚወርድ አራት ማዕዘን ሰፊ አንገትጌ፤ በአንገትጌው ዳር ዳር ሦስት ነጭ መስመሮች፤ በእኛ ቋንቋ ጥለት ብንለው ይቀላል። በአንገት ዙሪያ የሚታሰር ጥቁር የሐር መሐረብ። በራስ ላይ ቆብ። በሙቀት አገር ደግሞ የሰሌን ባርኔጣ።

ደንብ ወጣ ማለት ግን ልብስ በነፃ ታደለ ማለት አይደለም። ብዙው መርከበኛ ጨርቁን እየገዛ በገዛ እጁ ይሰፋ ነበር። ለዚህም ሥራ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ስሙም «መስፋትና መጣፍ» ይባል ነበር። ልብስ በመኪና መሰፋት ከጀመረ በኋላ እንኳ፣ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የግማሽ ቀን ዕረፍት በዚያው ስም መጠራቱ አልቀረም። በእኛ አገር ሸማኔውም ልብስ ሰፊውም ብዙውን ጊዜ ወንድ ስለሆነ፣ ወንድ ልጅ መርፌ መያዙ አያስገርመንም። የሚያስገርመው በምትናወጥ መርከብ ላይ ሆኖ ቀጥ ያለ ስፌት ማውጣቱ ነው።

አሁን የልብሱን አንዳንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ሱሪው ከጉልበት በታች ሰፊ ነው። መርከበኛው ጧት ጧት የመርከቡን ወለል በባዶ እግሩ ያጥባል። ሱሪው ሰፊ ከሆነ እስከ ጉልበቱ ድረስ መጠቅለል ይችላል። ወንዝ ለመሻገር ወይም ጭቃ ለመግባት ሱሪውን የጠቀለለ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል። ጠባብ ሱሪ ባት ላይ ይይዛል።

የሱሪው እጥፋት ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ሱሪ ከላይ ወደ ታች አይደለም፤ አግድም ነው። ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አምስት ወይም ሰባት የእጥፋት መስመሮች ይታዩበታል። ምክንያቱ የቦታ ጥበት ነው። መርከብ ላይ ልብስ የሚሰቀልበት ቁም ሳጥን አልነበረም። መርከበኛው ሱሪውን ገልብጦ፣ እንደ ደብዳቤ አጣጥፎ፣ በትንሽ ቦታ ያስቀምጠዋል። ረጅም ሰው ሰባት እጥፋት ያወጣል፤ አጭሩ አምስት።

አንገትጌው ለብቻው የሚወልቅና የሚታጠብ ነበር። አዲስ ሲሆን ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ በመታጠብ ብዛት እየፈዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ አንገትጌው የፈዘዘበት ሰው ብዙ ዘመን ያገለገለ መሆኑ ይታወቃል፤ ይከበራልም። ይህን ያዩ ወጣት ምልምሎች ምን አደረጉ መሰላችሁ? አዲሱን አንገትጌ በማንጫ እያሹ ሆን ብለው አፈዘዙት! ትናንት የገባው ልጅ ነባር መስሎ ከወደብ ይወርድ ጀመር።

በቆቡም ላይ ነገር አለ። ከ1868 ዓ.ም. ጀምሮ የመርከቧ ስም በወርቅማ ክር የተጻፈበት ጥቁር ጥብጣብ በቆቡ ዙሪያ ይታሰር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1939 እስከ 1945 ዓ.ም.፣ ይህ ጥብጣብ አስጊ ሆነ። መርከበኛው ቡና ቤት ሲገባ ማንኛውም ማንበብ የሚችል ሰላይ የትኛዋ መርከብ ወደብ እንደ ገባች ከግንባሩ ላይ ያነባል። ስለዚህ የመርከቧ ስም ተነሥቶ፣ «የግርማዊነታቸው መርከብ» የሚለው ምሕጻረ ቃል ብቻ እንዲቀር ተደረገ። ፊደል እንዲህ ያለ ኃይል አለው።

ወሬው የሚለውና ጽሑፉ የሚለው

በእንግሊዝ ወደቦች ሽማግሌ መርከበኛ አግኝታችሁ «ሦስቱ ነጭ መስመሮች ምንድን ናቸው?» ብትሉት፣ «የኔልሰን ሦስት ድሎች ናቸው» ይላችሁ ነበር። ኔልሰን በእንግሊዝ ታሪክ ታላቁ የባሕር ጀግና ነው። በ1798 በአባይ አፍ፣ በግብፅ ዳርቻ፤ በ1801 በኮፐንሃገን፤ በ1805 ደግሞ በትራፋልጋር ድል አደረገ፤ በትራፋልጋርም ሞተ። ጥቁሩ መሐረብስ? «የኔልሰን ሐዘን ነው» ይላችሁ ነበር።

ጥሩ ታሪክ ነው። ልብን ይነካል። ነገር ግን ልክ አይደለም። ደንቡ ሲዘጋጅ ስለ መስመሮቹ የተጻጻፉት ሰዎች ይሁን ሁለት፣ ይሁን ሦስት እያሉ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ሦስት ተባለ። የኔልሰን ስም አልተነሣም። ጥቁሩን መሐረብም መርከበኞች ኔልሰን በሕይወት እያለ ያስሩት ነበር፤ ላብ ይጠርጉበታል፤ ጥቁር የሆነውም እድፍ እንዳያሳይ ነው።

ሰፊው አንገትጌስ? ድሮ መርከበኞች ፀጉራቸውን አሳድገው ከኋላ ይጎነጉኑትና ቅጥራን ይቀቡት ነበር፤ አንገትጌው የመጣው ያ ቅጥራን ልብስ እንዳያበላሽ ነው ይባላል። ይህም አያስኬድም። ጉንጉኑ ከቀረ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ሰፊው አንገትጌ የመጣው። የሌለን ጉንጉን የሚጠብቅ አንገትጌ የለም!

እንዲህ ያለው ወሬ በሌሎች አገሮችም አለ። ፈረንሳዮች በ1858 ዓ.ም. ባወጡት ደንብ የመርከበኛው የውስጥ ሹራብ 21 ነጭ መስመር እንዲኖረው አዘዙ፤ በነጮቹ መካከል ሰማያዊ መስመሮች አሉ። ነጩ መስመር 20 ሚሊሜትር፣ ሰማያዊው 10 ሚሊሜትር ወርድ አለው። ሰዎች «21 መሆኑ የናፖሊዮን ድሎች ቁጥር ነው» አሉ። በአሜሪካን አገር ደግሞ የመርከበኛው ሱሪ ከፊት በኩል እንደ መስኮት መዝጊያ ወደ ታች የሚከፈት ጨርቅ ነበረው፤ እሱንም የሚይዙት 13 ቁልፎች ናቸው። አሜሪካ ስትመሠረት 13 ግዛቶች ስለ ነበሯት፣ ቁልፎቹ ለእነሱ መታሰቢያ ናቸው ተባለ። ጽሑፉ ሲታይ ግን ቁልፎቹ በመጀመሪያ 15 ነበሩ፤ ቆይቶ 7 ሆኑ፤ በ1894 ዓ.ም. ያ የፊት ጨርቅ ሲሰፋ 13 ሆኑ። ሰፊ ጨርቅ ብዙ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ይኸው ነው።

ወሬውን ግን አንናቀው። መርከበኛው ልብሱን የመረጠው እሱ አልነበረም። ሌላ ሰው የመረጠለትን ልብስ የራሱ ያደረገው በታሪክ ነው። የአለቆች ጸሐፊ ሦስት መስመር ብሎ ጻፈ፤ ለባሹ ግን ትርጉም ሰጠው።

ኮትና ክራባት የመጣበት ጊዜ

የአሜሪካን ባሕር ኃይል ለተራ መርከበኞች ልብስ ደንብ ማውጣት የጀመረው በ1817 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሰማያዊ ጃኬትና ሱሪ፣ ባለ ቢጫ ቁልፍ ቀይ ሰደርያ፣ ጥቁር ባርኔጣ ነበር። በኋላ እንደ እንግሊዞቹ ሰፊ አንገትጌና ሰፊ ሱሪ ያዙ። በ1886 ዓ.ም. የሸራ ነጭ ቆብ መጣ፤ ይህ ቆብ ርካሽ ነው፤ ይታጠባል፤ ተጠቅልሎ ኪስ ይገባል።

በ1970 ዓ.ም. አድሚራል ኤልሞ ዙምዋልት የአሜሪካን ባሕር ኃይል የበላይ አዛዥ ሆኑ። የተራውን መርከበኛ ኑሮ ለማሻሻል ብዙ ትእዛዝ ያወጡ ሰው ናቸው። ልብሱንም አዩት። በመኮንኑና በተራው መርከበኛ መካከል ያለው የልብስ ልዩነት ለምን ይህን ያህል ይሆናል አሉ። ያ ሰፊ አንገትጌና ሱሪ አንዱን ጎልማሳ ሰው ልጅ ያስመስለዋል የሚሉም ነበሩ። መርከበኞቹ ራሳቸው አስተያየታቸውን ሲጠየቁ ብዙዎቹ ለውጥ እንፈልጋለን አሉ። ስለዚህ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ኮት፣ ሸሚዝ፣ ክራባትና ባለ ጥላ ቆብ መጣ። ከታች እስከ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ሊለብስ ነው።

ሐሳቡ መልካም ነበር። እኛም በመጀመሪያ ስናነብ «ይበል!» ብለን ነበር። ነገር ግን ልብሱ መርከብ ላይ ሲወጣ ችግሩ ታየ። ኮት ተሰቅሎ ካልተቀመጠ ይጨማደዳል፤ መርከበኛው ያለው ደግሞ አንዲት ጠባብ ሣጥን ናት። ባለ ጥላው ቆብ አይታጠፍም። የመርከቡ ልብስ አጣቢ ይህን ሁሉ ሸሚዝና ኮት በካውያ ማድረስ አቃተው። በዚህ ላይ ከተማ ሲወጡ መርከበኛ መሆናቸውን የሚያውቅላቸው ሰው ጠፋ። «የአውቶቡስ ሾፌር መሰልን!» እያሉ ቀለዱ።

በመጨረሻ መርከበኞቹ እንደገና ሐሳባቸውን ተጠየቁ። ብዙዎቹ አሮጌው ልብስ ይመለስልን አሉ። በ1980 ዓ.ም. ሰፊው አንገትጌ፣ 13ቱ ቁልፎችና ነጩ ቆብ ተመለሱ። ቀድሞ ተጭኖባቸው የነበረውን ልብስ በዚህ ጊዜ የመረጡት ለባሾቹ ናቸው። ኮት ለመልበስ የጠየቁትም፣ ኮቱን ካዩ በኋላ የመለሱትም እነሱው ናቸው። ሰው ሐሳቡን ለወጠ ብለን አንስቅባቸውም፤ ልብስ ሳይለበስ አይታወቅም።

እንግሊዞችም በ1970ዎቹ ዓመታት ሱሪውን አጠበቡና እጥፋቱን ከላይ ወደ ታች አደረጉት፤ አንገትጌውንና ጥቁሩን መሐረብ ግን አልነኩም።

ሴቶቹስ?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ወንዶች ነው። በአሜሪካን ባሕር ኃይል ሴቶች መርከበኞች ብዙ ዘመን የለበሱት ለብቻ የተሠራ ኮትና ባርኔጣ ነው። ከወንድ ጓዶቻቸው ጋር አንድ መርከብ ላይ እየሠሩ በሰልፍ ጊዜ ግን ለብቻቸው ይታዩ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ለውጡ ተጀመረ፤ ሴቷም በልኳ የተሰፋ ያንኑ ሰማያዊ ልብስ፣ ያንኑ ሰፊ አንገትጌና ያንኑ ነጭ ቆብ መልበስ ጀመረች። በራስ የሚጠለቀው ሸሚዝ ሲለብሱትና ሲያወልቁት ያስቸግር ስለ ነበር፣ ከጎኑ ዚፕ ገባለት። ዚፑ ለወንዶቹም ተደረገ።

አንድ ነገር ልንረሳ ነበር። በ1846 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ፣ ገና በአራት ዓመቱ፣ የመርከበኛ ልብስ በልኩ ተሰፍቶለት ሥዕሉ ተሣለ። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ሀብታሞች ልጆቻቸውን እንዲሁ ማልበስ ጀመሩ። ከ1920 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጃፓን አገር የሴት ተማሪዎች የትምህርት ቤት ልብስ ሆነ። ወለል አጣቢው ሱሪውን ጠቅልሎ የሠራበት ልብስ የልዑል ልብስ፣ የተማሪም ልብስ ሆነ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ልዑሉ የመርከበኛ ልብስ ሲለብስ ለእውነተኛው መርከበኛ የደንብ ልብስ ሊወጣለት ገና 11 ዓመት ይቀረው ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከ1650ዎቹ ዓመታት እስከ 1797 ዓ.ም. ስንት ዓመት ያህል ነው? በዚህ ሁሉ ዓመት ደመወዙ ያልተጨመረ ሰው ልብስ በዱቤ ሲገዛ ምን ይደርስበታል?

2. የሱሪው እጥፋት አግድም የሆነው ለምንድን ነው? ከጽሑፉ ውስጥ ፈልጋችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

3. በአካባቢያችሁ ከሚለበሰው ልብስ ውስጥ «ይህ የሆነው በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው» እየተባለ የሚነገርለት አለ? ሽማግሌዎችን ጠይቁና የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ ሁለቱንም ጻፉ።